ማንም ሳይመርጥህ ተነሣ

ኑኒ ኦሞትን ታውቀዋለህ?

ካላወቅኸው ዛሬ እወቀው። ግንቦት 2023 እ.ኤ.አ.፣ ኪጋሊ። የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ፍጻሜ ነው። የግብፁ አል አህሊ የሴኔጋሉን ዱዋን 80 ለ65 ረትቶ ዋንጫውን አነሣ። የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ኑኒ ኦሞት ነበር።

ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ ጦርነት ሸሽቶ ኬንያ የገባ ስደተኛ ነው። ኑኒም በ1994 እ.ኤ.አ. እዚያው ኬንያ ተወለደ። ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተሻገረ።

ከልጅነቱ ጀምሮ ኮከብ ነበር ብለህ ታስባለህ?

አልነበረም! ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልተሻሙበትም። ሴንት ፖል ውስጥ፣ በሁለተኛው ዲቪዚዮን በሚጫወት ኮንኮርዲያ በሚባል ዩኒቨርሲቲ ጀመረ። ቀጥሎ አይዋ ወዳለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሄደ። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጥበት ድራፍት 60 ተጫዋቾች ሲመረጡ የእሱ ስም አልተጠራም።

እኔ ከኪጋሊው ዋንጫ ይልቅ ይህችን የ2018 ሌሊት አከብራታለሁ። ስሙ ሳይጠራ ባደረ ማግስት ኑኒ ልምምዱን አልተወም። ሻንጣውን ይዞ ከአገር አገር እየዞረ ኳስን የእንጀራ ሥራው አደረገ።

በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ለደቡብ ሱዳን ተሰልፎ አሜሪካን ገጠመ። አሜሪካ 103 ለ86 አሸነፈች። ኑኒ ግን እነሌብሮን ጄምስ በቆሙበት ሜዳ 24 ነጥብ አስቆጠረ።

አሁን ወደ አንተ እንምጣ።

ሸዋ ሮቢት ነህ። ወይም አጣዬ፣ ወይም ካራ ቆሬ። ያለፉት ዓመታት ለይፋት ልጅ ቀላል አልነበሩም፤ አውቃለሁ። ሙቀቱም አለ። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደህ ቆላው ውስጥ ስትገባ እኩለ ቀን ላይ ጥላ እንጂ ሜዳ አያስመኝም። ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ንጋት 11 ሰዓት ተነሣ! ከሱብሂ ሶላት መልስ፣ ከኪዳን መልስ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ሥራህን ጨርስ።

ሜዳ የለም ትላለህ። ሜትር አለህ? የቅርጫቱ ቀለበት ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ፍሪ ስሮው የሚወረወረው ከሰሌዳው 4.6 ሜትር ርቆ ነው። የሦስት ነጥቡ መስመር ከቀለበቱ 6.75 ሜትር ላይ ነው። በተደለደለ መሬት ላይ በኖራ አስምረው። ዓለም አቀፉ ልክ ይኸው ነው፤ ካይሮም ስትሄድ አይጨምርብህም።

ቁመቴ አጭር ነው? መግሲ ቦግስ 1 ሜትር ከ60 ነበር። በኤንቢኤ 14 የውድድር ዘመን ተጫወተ።

ጊዜው አልፎብኛል? ሌጎስ ተወልዶ ያደገው ሐኪም ኦላጁዎን ቅርጫት ኳስ የጀመረው 15 ዓመት ከሆነው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እግር ኳስ በረኛ ነበር፤ የእጅ ኳስም ይጫወት ነበር። ተከላካዮችን ያሳበደው የእግር ቅልጥፍና የመጣው ከእነዚያ ሜዳዎች ነው። በ1984 ድራፍት አንደኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ማይክል ጆርዳን ሦስተኛ ነበር። በ1994 እና በ1995 ከሂውስተን ሮኬትስ ጋር ዋንጫ በላ። 3,830 ኳሶችን በማጨናገፍ የያዘውን የኤንቢኤ ክብረ ወሰን እስካሁን ማንም አልደረሰበትም። ስለዚህ ከሰፈር ጓደኞችህ ጋር መረብ ኳስና እግር ኳስ ስትጫወት ያሳለፍከው ጊዜ ባክኗል አትበል። እግርህ ተምሯል።

አንቺም እህቴ፣ ይህ ለወንድ ብቻ የተጻፈ እንዳይመስልሽ። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ በእግር ኳስ ስዊድን፣ ማልታ፣ አሜሪካ ድረስ ተጫውታለች።

ልማድህን ጠብቅ። አንድ ቀን ብትዘልል ምንም አልሆነም ትላለህ። የሽንኩርት መደብህ የውሃ ተራው ሲያልፈው ምን እንደሚሆን ግን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ማይንድሴትህን የምታስተካክልበት ሌላ ቦታም አለ፤ ስለ ውጭ አገር ያለህ ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብበኝ።

የውጭ ተጫዋች ኑሮ ሥራ ነው። ኮንትራቱ ብዙ ጊዜ ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ካልተመቸሃቸው በአጋማሹ ሌላ ሰው ሊያመጡብህ ይችላሉ። ቋንቋው አዲስ፣ ምግቡ አዲስ ነው። የዓመት በዓል ዕለት ብቻህን ልምምድ ላይ ልትውል ትችላለህ። ይህን የሚችል ሰው ዛሬውኑ ይሠራል። እንግሊዝኛህን አሻሽል! ገንዘብ መያዝ ተለማመድ! ትምህርትህን አትጣል! የኑኒ መንገድ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ ያለፈ ነው።

ደላላ ደግሞ ይመጣል። በዚህ መስመር ስንቱ ልጅ በደላላ ወሬ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ባሕር እንደተሻገረ፣ ስንቱ እንዳልተመለሰ ይፋት ውስጥ የማያውቅ ቤት የለም። «ክለብ አለኝ፣ ቪዛ አለኝ፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ብር አስገባ» የሚልህን ሰው አትመን። የተጫዋች ወኪል ፈቃድ የሚሰጠው የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ ነው። ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ስም ለሕዝብ ያወጣል። ገብተህ ስሙን ፈልግ። ከሌለበት ስልኩን ዝጋ!

ኮንትራት ከመፈረምህ በፊት እያንዳንዱን መስመር አንብብ፣ የሚያውቅ አስነብብ። ደመወዝ ሲቀር የት እንደሚከሰስ በኮንትራቱ ተጽፏል? ፊባ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የቅርጫት ኳስ የግልግል ዳኝነት አለ፤ ሕጋዊ መቀመጫው ጄኔቫ ነው። ደመወዙን የተከለከለ ተጫዋች ወደዚያ የሚሄደው ግን ኮንትራቱ ላይ ሥልጣኑ ከተጻፈ ነው። ያችን አንቀጽ ሳታይ ፊርማህን አታኑር።

ኑኒ ሳይመረጥ የቀረበትን ሌሊት አሁንም አስበው። የሚጠራው ክለብ እስኪመጣ አልጠበቀም። አንተስ ማንን ትጠብቃለህ? ኳስ ከጓደኞችህ ጋር አዋጥተህ ግዛ። ነገ ማለዳ አምስት ሆናችሁ ውጡ። ሁለቱ ቢቀሩ በሦስት ጀምሩ።

እናንተ የሮቢት ነጋዴዎች፣ እናንተ ብየዳ ቤት ያላችሁ፣ እናንተ የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን፣ ለእነዚህ ልጆች ሁለት የብረት ምሰሶና ሁለት ቀለበት ከዘንድሮ ክረምት በፊት ትከሉላቸው።