ለማይክሮስኮፕ ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ፦ የትኛው ብልሽት ይታለፋል?

የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ የአትባራ ወንዝ የመስኖ እርሻና የቡታና ግጦሽ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። በበጋ ግመሉም ከብቱም ወደ ውሃውና ወደ ቃርሚያው ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ዘላኖቹ ጭቃውንና ተናካሽ ዝንቡን ሸሽተው ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ያ ዝንብ ሱዳኖች ጉፋር የሚሉትን፣ ሐኪሞች ደግሞ ሱራ የሚሉትን የግመል ገንዲ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ያጋባል።

ሱራ ለነጋዴ ክፉ በሽታ ነው። ትኩሳቱ መጥቶ ይሄዳል፤ ግመሉ እየበላ ይከሳል፣ ሻኛው ይሟሽሻል፣ ያረገዘችው ትጨነግፋለች። በደሙ ውስጥ ያለው ጥገኛ ተሕዋስም አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ይሰወራል፤ ዛሬ በማይክሮስኮፕ የታየው ከነገ ወዲያ ላይታይ ይችላል። ሻጩ «ደህና ነው»፣ ገዢው «ታሟል» ብለው ሲከራከሩ ሐኪሙ ብቻውን አጎንብሶ ያየው ነገር ለማንም ማስረጃ አይሆንም። ምስሉ ከተያዘ ግን ሁለቱም ያዩታል፤ ጥርጣሬ ካለም ጎንደር ወይም ሰበታ ላለ ባለሙያ ይላካል። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከተነሣ ወዲህ ናሙና ይዞ ካርቱም ድረስ መሄድ እንደ ድሮው ቀላል ስላልሆነ፣ ለገዳሪፍና ለመተማ አካባቢ ክሊኒኮች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚያስፈልገው ምስል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የእርጥብ ደም ቪዲዮ ነው። አንድ ጠብታ ደም በስላይድና በክዳን መስታወት መካከል ሆኖ በ40 እጥፍ ሌንስ ሲታይ፣ ተሕዋሱ እየተጥመለመለ የደም ሴሎችን ሲገፋ ይገኛል። ይህን በቆመ ፎቶ መያዝ ትርፉ ድካም ነው። የግመል ቀይ የደም ሴል እንደ በሬ ወይም እንደ በግ ክብ ሳይሆን ሞላላ ነውና፣ በጎኑ የቆመ ሴል ጀማሪን ሊያሳስት ይችላል። 10 ሰከንድ ቪዲዮ ጥያቄውን ይዘጋል። ሁለተኛው በጊምሳ የቀለመ የደም ቅብ ፎቶ ነው፤ ይህ በ100 እጥፍ የዘይት ሌንስ ይታያል፣ አይንቀሳቀስም፣ ጊዜም ይሰጣል።

ካሜራ ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው ሜጋፒክስል ነው። እዚህ ላይ ገዢው ገንዘቡን ይያዝ። የ100 እጥፉ ሌንስ ለይቶ የሚያሳየው ጥቃቅን ነገር ከማይክሮን ሩብ ብዙም አይርቅም፤ በተለመደው የዓይን ሌንስ የሚታየው ክብ ደግሞ ስፋቱ 180 ማይክሮን ያህል ነው። ይህን ሳያጎድል ለመመዝገብ ከዳር እስከ ዳር 1,400 ያህል ፒክስል ይበቃል፤ ይኸውም 2 ሜጋፒክስል መሆኑ ነው። በ10 እጥፍ ሌንስ ሰፊ ቦታ ስለሚታይ 7 ያህል ይፈለጋል። ስለዚህ የ12 ሜጋፒክስል አሮጌ ካሜራ ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ዋጋ ከማይክሮስኮፑ የማይወጣ ዝርዝር መግዣ ነው።

ስልክስ? ለብዙ ክሊኒክ ስልክ ይበቃል፤ ይህን ካሜራ ነጋዴ አይናገርም። በዓይን ሌንሱ ላይ በሚታሰር መያዣ ከተቀመጠ፣ ስክሪኑን ተጭኖ በመቆየት ትኩረቱና ብርሃኑ ከተቆለፈ፣ ጥሩ ቪዲዮ ይወጣል። በእጅ ተይዞ ግን ይንቀጠቀጣል። ካሜራ የሚያስፈልገው ሥራው የየዕለት ሲሆን፣ ምስሉም በኮምፒውተር ስክሪን ለባለንብረቱ እንዲታይ ሲፈለግ ነው።

መስታወት ያለው ትልቅ ካሜራ አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፦ ሲያነሳ መስታወቱ ብድግ፣ ሸተሩ ቀጭ ይላል። በ400 እና በ1,000 እጥፍ ሲታይ ያች ትንሽ ንዝረት ምስሉን ታደበዝዛለች። መድኃኒቱ ላይቭ ቪው ነው፤ መስታወቱ አስቀድሞ ተነስቶ ይቆያል፣ በብዙ የካኖን ሞዴሎችም ማንሳቱ የሚጀመረው ያለ ሸተር እንቅስቃሴ በኤሌክትሮኒክ ነው። በዚህ ምክንያት ካኖን ይመረጣል። ደግሞም ኢኦኤስ ዩቲሊቲ የሚባለው ፕሮግራሙ በነጻ ይገኛል፤ ካሜራው ሳይነካ ከኮምፒውተር ያነሳል። የኒኮን ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚሸጥ ነበር።

450ዲ (እ.ኤ.አ. 2008) ለቅብ ፎቶ ጥሩ ነው፤ ቪዲዮ ግን የለውም። 500ዲ ቪዲዮ አለው፤ በሙሉ ኤችዲ ሲቀዳ ግን በሰከንድ 20 ክፈፍ ብቻ ነውና ለሚሮጥ ተሕዋስ ይቆራረጣል። ለሱራ ሥራ ከ550ዲ (2010) መጀመር ይሻላል፤ በሰከንድ 25 ይቀዳል፣ ብርሃኑም በእጅ ይስተካከላል። 600ዲ ደግሞ የሚታጠፍ ስክሪን አለው፤ ካሜራው ከማይክሮስኮፑ አናት ላይ ሲቀመጥ ባለሙያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያየዋል።

ለፎቶ አንሺ የሞተ ካሜራ ለማይክሮስኮፕ ሕያው ሊሆን ይችላል። ፍላሹ አይሠራም? አያስፈልግም። አውቶፎከሱ ሞቷል? ትኩረቱ የሚስተካከለው በማይክሮስኮፑ ቁልፍ ነው። አካሉ ተቧጭሯል፣ ሌንስ የለውም፣ ማያ ቀዳዳው ተሰንጥቋል፤ ሁሉም ዋጋ ማስቀነሻ ነው። የማይታለፉት ሴንሰሩ፣ ላይቭ ቪው፣ የዩኤስቢ ቀዳዳው፣ የካርዱና የባትሪው ቤት ናቸው። ገዢ ላፕቶፕና ገመድ ይዞ ይሂድ፤ ላይቭ ቪውን 10 ደቂቃ ያብራው። ሌንስ ካለ ቀዳዳውን በጣም አጥብቦ ነጭ ወረቀት ያንሳ። በሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ የማይክሮስኮፕ ብርሃን ጠባብ ስለሆነ ያንኑ አቧራ ይበልጥ ያጎላዋል። አቧራ ይጸዳል፣ ጭረት ግን አይጸዳም።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የብዙ አሮጌ ማይክሮስኮፖች የቀለም ጉድለት የሚታረመው በዓይን ሌንሱ ነው። የዓይን ሌንሱ ወጥቶ ባዶ ካሜራ ከተተከለ በሴሎቹ ዳር ቀይና ሰማያዊ ጠርዝ ይታያል። በዚህ ጊዜ የዓይን ሌንሱን ሳያነሱ 40 ወይም 50 ሚሊሜትር ሌንስ ያለውን ካሜራ ከላዩ አስጠግቶ ማቆም ነው።

የኤሌክትሪክ አምፖል በቪዲዮው ላይ የሚሮጥ ጥላ ካሳየ ሸተሩ 1/50 ላይ ይደረግ። ጄኔሬተሩ የማይረጋ ከሆነ የባትሪ መብራት ይሻላል። የ550ዲ እና የ600ዲ ባትሪ አንድ ዓይነት ስለሆነ መለዋወጫ ማግኘት አይከብድም። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ግን ላይቭ ቪው ሴንሰሩን ያግለዋል፤ በናሙናና በናሙና መካከል ይጠፋ፤ የአቧራ ማዕበል ሲነሳም ካሜራው በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ።

የፋይሉ ስም የግመሉን መለያ ምልክት፣ ቀኑንና የሌንሱን እጥፍ ይያዝ። ለባለሙያ ሲላክም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቅና ሐኪሙ ሊያየው የሚፈልገው ዝርዝር መንገድ ላይ ይቀራል።