ቻትጂፒቲ ባለሙያን ይተካልኛል?

ጥያቄ፦ አል ኮበር ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጭንቀቴን ለቻትጂፒቲ እጽፋለሁ፤ ቀለል ይለኛል። ባለሙያ ጋ መሄድ አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለል ማለቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም ያስተዋወቃት ኤላይዛ የተባለች በጣም ቀላል ፕሮግራም እንኳ ሰዎችን የልባቸውን አናግራለች። ነገር ግን ፕሮግራም ስለ አንቺ የሚያውቀው የጻፍሽለትን ብቻ ነው። መክሳትሽን፣ የእጅሽን መንቀጥቀጥ አያይም። እንቅልፍ የነሳሽ የታይሮይድ ሕመም ቢሆንስ? ያንን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። ደግሞም ፕሮግራሙ ተጠቃሚውን ደስ ወደማሰኘት ስለሚያዘነብል፣ መሞገት ያለበትን ሐሳብሽን ሊያጸድቅልሽ ይችላል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ችግሩ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ይይሽ። የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር 937 ነው፤ ደማም ውስጥም ኢራዳ የአእምሮ ጤና ሆስፒታል አለ። ዐረብኛው ከከበደሽ ምልክቶችሽን በአማርኛ ጽፈሽ ፕሮግራሙ እንዲተረጉምልሽ አድርጊና ለሐኪሙ አሳዪ፤ እዚህ ላይ በእርግጥ ይጠቅምሻል። አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር በቪዲዮ በአማርኛ መነጋገርም ይቻላል። የአሠሪሽን ስምና የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቁጥርሽን ግን ለፕሮግራሙ አትጻፊለት። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ፕሮግራሙን ትተሽ አጠገብሽ ላለ ሰው ንገሪ፣ ወዲያውም ወደ አምቡላንስ 997 ደውዪ።