ኸምሳ ሃምሳ አይደለም

ልጄ፣ ሱዳን ተሻግረህ ገዳሪፍ፣ ቁረይሻ ከገባህ ሳምንት ሳይሞላህ «ዐረብኛ ማለት የተጣመመ አማርኛ ነው» እያልክ ጓደኞችህን ታስተምር ጀመር አሉ። አባባልህ ግማሽ እውነት አለው። ለሰሊጥ አጨዳ የመጣን ሰው ኪስ የሚያራቁተው ደግሞ ይኸው ግማሽ እውነት ነውና ስማኝ።

1. ዝምድናውን አትካድ። ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው። ደም እዚህም ደም ነው፣ ነፍስም ነፍስ። አንተን «ኢንታ»፣ አንቺን «ኢንቲ» ይላሉ። ረቡዕ «አርቢዓ»፣ እሑድ «አሐድ» ነው። «ሰማኝ» ለማለት «ሲሚዕኒ» ሲሉ ብትሰማ፣ «እኔን» የሚለው ድምፅ እንደኛው ከግሡ ኋላ ተለጥፎ ታገኘዋለህ።

2. ቁጥር ላይ ግን ጆሮህን አትመነው። ከሁሉ በላይ የምልህ ይህንን ነው። የእነሱ የአንድ ቤት ቁጥር የኛን አሥር ቤት ይመስላል። «አርበዓ» አራት ነው፣ አንተ አርባ ትሰማለህ። «ኸምሳ» አምስት ነው፣ አንተ ሃምሳ ብለህ ትይዛለህ። «ሰብዓ» ሰባት፣ «ተማንያ» ስምንት ሲሆኑ ባንተ ጆሮ ሰባና ሰማንያ ሆነው ይገባሉ። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው! ሃምሳ ለማለት ከፈለጉ «ኸምሲን» ይላሉ፤ የመጨረሻዋን «ን» አትልቀቃት።

ሁለት ቁጥር ሲገጣጠም ደግሞ ተራው ይገለበጣል። እኛ አርባ አምስት ስንል እነሱ «ኸምሳ ወአርበዒን»፣ ማለትም አምስትና አርባ ይላሉ። የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ሰምተህ ከሄድክ በሃምሳ የተዋዋልክ ይመስልሃል። የሒሳብ ቀን ደገኛው «ተታለልኩ» ብሎ ሲጮኽ፣ አሠሪው ያለውን ቆጥሮ ሰጥቶ ግራ ሲገባው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እርግጥ የሚያታልልም አይጠፋም፤ አታላዩን ከሐቀኛው ለመለየት ግን መጀመሪያ ቁጥሩን በትክክል መስማት አለብህ። ጽሑፉም ወጥመድ አለው፦ በእነሱ አኃዝ አምስት እንደኛ ዜሮ ክብ ናት፣ ዜሮዋ ነጥብ ብቻ ናት፣ ስድስት ደግሞ የኛን ሰባት ትመስላለች። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ዋጋውን በምታውቀው አኃዝ ጽፈህ አሳየው፤ አሠሪው ራሱን ይነቅንቅ።

3. ለሰው ስታስተረጉም አትቸኩል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እምቢታውም ከግሡ ጋር አብሮ ይደበቃል። አንዱ ያገራችን ሰው «ይህንን ሰሊጥ በዚህ ዋጋ ዛሬ ለእርስዎ» ብሎ ሲጀምር ይሽጥ አይሽጥ አይታወቅም፤ «አልሸጥም» የምትለዋ ኋላ ናት የምትመጣው። ዐረብኛ ግን «ማ» ብሎ እምቢታውን ከግሡ ያስቀድማል፣ የሚሸጠውም ዕቃ ከግሡ ወዲያ ይከተላል። ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ስትመልስም ጠቅላላውን ይዘህ እንደገና መደርደር አለብህ፤ የኛ «የአባቴ ቤት» የእነሱ «ቤት አቡይ» ነውና። ግማሽ ሰምቶ የሚተረጉም ሰው ገበያ ያፈርሳል።

4. የኔታ ያስቆጠሩህን ፊደል አስታውስ። ዐይኑ ዐ እና አልፋው አ፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ምን ያደርጋሉ ብለህ አማርረህ ይሆናል። አማርኛ ድምፃቸውን ደባልቆታል፤ ዐረብኛ ግን እስከ ዛሬ ለይቶ ይጠራቸዋል። ዐይን በዐይኑ ዐ ስለሆነ ከጉሮሮህ አውጣው። በድሮው አጻጻፍ ዐሥር በዐይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ ነው፤ እዚህ «ዐሸራ» ይሉታል፣ ንጉሡ ሠ ብዙ ጊዜ «ሸ» ሆኖ ይመጣልና። ኀሙስ ደግሞ በብዙኃኑ ኀ ነው፤ እነሱም «ኸሚስ» ይላሉ። ትግርኛ ተናጋሪው ጓደኛህ ካንተ ቀድሞ የለመደው ብልጠት ኖሮት አይደለም፤ የ«ሐ»ንና የ«ዐ»ን ድምፅ ከእናቱ ጡት ጋር ስለጠባ ነው። ሱዳኖች «ቃፍ»ን «ገ» እንደሚያደርጉም ልብ በል፦ ቅርብ «ገሪብ» ይባላል። ገዳሪፍ ራሷ በዐረብኛ የምትጻፈው በቃፍ ነው።

5. አብሮ የተወለደውን ቃል ከተዋሰነው ለይ። ሱቅ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ግን እዚህ «ሱቅ» ገበያው በሙሉ ነው፣ የኛዋ ሱቅ «ዱካን» ናት። ላም ደግሞ የጥንት ዘመድ ሳትሆን አትቀርም፤ «ላሕም» ሲሉህ ግን ሥጋ ነው፣ ላም ፈልገህ በረት አትሂድ። በዚህ ጉዳይ ሊቃውንትም ተሳስተዋል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ልጆች የሚናገሩት አርመንኛ፣ የፋርስ ቃል ስለበዛበት ከፋርስኛ ወገን ሲቆጠር ኖሮ ነበር። ሂውብሽማን የተባለ ጀርመናዊ ነው እ.ኤ.አ. በ1875 የተዋሰውን ከተወለደው ለይቶ፣ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ መሆኑን ያሳየው። አርመንኛና የፖላንዶች ቋንቋ ከአንድ ጥንታዊ ግንድ ናቸው፤ ሁለትን አርመኑ «ዬርኩ»፣ ፖላንዱ «ድቫ» ይላል፣ ምሁራንም ሁለቱን ቃላት ከአንድ ሥር ያወጧቸዋል። ይሁንና አርመንና ፖላንዳዊ ያለ አስተርጓሚ አይግባቡም። መመሳሰልም መለያየትም በጆሮ ብቻ አይፈረድም።

6. ሰዓት። «ሳዓ ሰብዓ» ከተባልክ ከእኩለ ሌሊት የተቆጠረ ሰባት ነው። ሱዳን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው።

7. ሽማግሌውን «አንቱ» አትበል። ጎንደር ላይ ክብር ነው፤ እዚህ ግን «ኢንቱ» እናንተ ማለት ስለሆነ ሰውየው ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ ይፈልጋል። «ያ ሐጅ» በለው። «ያ ዞል» ለእኩያህ ይሁን።

8. በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል ተሰደው ኩመርና አውላላ መጠለያ የገቡ ሱዳናውያን ይኸው ወጥመድ በተቃራኒው ገጥሟቸዋል፤ ባለሱቁ «አርባ ብር» ሲላቸው አራት ይሰሙ ነበር። አገርህ ስትመለስ እንዲህ ያለ ሰው ካገኘህ አትሳቅበት፣ ልዩነቱንም ኪስህ አትክተት፤ ቁጥሩን ጻፍለት።