ድርሻ የሌለው ምእመን የለም
ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት

የሚነበበው የመጽሐፍ ክፍል፦ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 እና 36፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከቁጥር 1 እስከ 7



በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኘው ጥንታዊት ደብር መርጡለ ማርያም ስሟን ያገኘችው «መርጡል» ከሚለው የግእዝ ቃል ነው። ትርጉሙም ድንኳን፣ አዳራሽ ማለት ነው። ይህን ስም የሰማ ሁሉ ሙሴ በምድረ በዳ ያስተከላትን ደብተራ ኦሪት ቢያስብ ተገቢ ነው። ያቺ ድንኳን በአንድ ባለጸጋ ሀብት አልተሠራችምና፤ የተሠራችው በሕዝቡ ሁሉ እጅ ነው።

፩. ሙሴ ሥራውን እንዴት አከፋፈለ?

የዘጸአትን ምዕራፍ 35 በጥንቃቄ ስናነብ፣ ሙሴ «ስጡ» ብሎ ብቻ እንዳላለፈ እናያለን። አስቀድሞ ለሥራው የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ለጉባኤው አሳወቀ። ሕዝቡም ያለውን ይዞ መጣ። ወርቅ ያለው ወርቅ፣ የፍየል ጠጉር ያለው የፍየል ጠጉር፣ እንጨት ያለው እንጨት አቀረበ። ሴቶች በእጃቸው ፈተሉ፤ አለቆች የከበረ ድንጋይ አመጡ፤ ባስልኤልና ኤልያብ ጥበባቸውን ሰጡ። የፍየል ጠጉር ከወርቅ አንሶ አልተናቀም፤ ወርቁ ያለ መጋረጃው ድንኳን አይሆንምና። በመጨረሻም የመጣው ከሚያስፈልገው በላይ ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ ከእንግዲህ እንዳያመጣ በሰፈሩ ታወጀ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ምእመናን አይሰጡም፣ አያገለግሉም ብለን ከማዘናችን በፊት፣ የሚያስፈልገውን ቆጥረን ነግረናቸዋልን? ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

፪. አገልግሎቱ በማን ትከሻ ላይ ነው?

መርጡለ ማርያም በትውፊት ከአብርሃና አጽብሐ ዘመን ጀምሮ የምትቆጠር ደብር ናት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ታላቅ ሕንጻ አሠራችላት፤ እርሱም በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ጠፋ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደገና አሠሩት፤ የእነርሱም ዘመን አለፈ። የተቀረጸው ድንጋይ ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። የነገሥታት ሕንጻ ቢፈርስም ቅዳሴውና ማኅሌቱ ጸንተው የኖሩት፣ በየትውልዱ የሚያገለግል ካህንና የሚደግፍ ሕዝብ ስላልጠፋ ነው።

ይህ ነገር በእኛ ዘመን ይበልጥ እውነት ሆኗል። ቀድሞ ብዙ አድባራት የሚተዳደሩት ከመሬታቸው በሚገኝ ገቢ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ይህ መተዳደሪያ ቀረ። ደግነቱ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ነበር። በዚህ ሕግ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ሰበካ ጉባኤ ተሰባስበው ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዲያስተዳድሩ ተደረገ።

ሕጉ ቢለወጥም ልማዱ ግን በየቦታው ገና አልተለወጠም። ብዙ ምእመን ዛሬም ቤተ ክርስቲያንን «የካህናት ቤት» አድርጎ ያያል፤ በበዓል ቀን ተሳልሞ፣ ጸበል ጠጥቶ ይመለሳል። ብዙ ሰበካ ጉባኤም ምእመኑን የሚያውቀው በደረሰኝ ብቻ ነው።

፫. በደረሰኝ የማይታይ አገልግሎት

ዓመታዊ አስተዋጽኦ ግዴታ ነው፤ ማንም አቅሙ እያለ ሊያስቀረው አይገባም። ነገር ግን መዝገቡ ገንዘብን ብቻ የሚያይ ከሆነ በደል ይፈጠራል። ለምሳሌ አንድ ግንበኛ የአጥቢያውን አጥር ሲክብ ሦስት ቀን ይውላል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ስሙ «ያልከፈለ» ከሚባሉት ጋር ይነበባል። አንዲት መበለት ዓመቱን ሙሉ መገበሪያ ስንዴ ስትለቅም ትኖራለች፤ ስሟ በየትኛውም መዝገብ የለም። እንዲህ ያለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቢቀር የሚወቀሰው ማን ነው?

ስለዚህ ከገንዘብ መዝገቡ ጎን የጉልበትና የሙያ መዝገብ ይኑር። ምስጋናውም እንደ ስጦታው በጉባኤ ፊት ይነገር።

፬. በቅርብ የሚታይ ምሳሌ

በጎረቤታችን በደቡብ ጎንደር፣ የአብያተ ክርስቲያናትን ደን ያጠኑት የደን ምሁሩ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከብት ገብቶ ሲግጥና ሲረግጥ ችግኝ እንደማያድግና ደኑ ተተኪ እንደሚያጣ አሳይተዋል። የአጥቢያዎቹ ካህናትና ገበሬዎችም ከውጭ ወዳጆች በተገኘ ድጋፍ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠርተዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ማሳው ለእርሻ ጠዳ፣ ደኑም ተከለለ። ገንዘብ የሌለው ገበሬ ለእርሻው ሸክም የሆነበትን ድንጋይ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። የፍየል ጠጉር ማለት ይህ ነው።

፭. ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

ሀ. ጉድለቱን ይቁጠር። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የፈረሰ ካብ፣ ዕጣንና ጧፍ፣ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ፤ እያንዳንዱ ምን ያህል ገንዘብ፣ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ተጽፎ ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ።

ለ. ጸጋውን ይቁጠር። በአጥቢያው ግንበኛ፣ አናጺ፣ መምህር፣ ሒሳብ ዐዋቂ፣ የጤና ባለሙያ ማን አለ? ወጣቶች ቤት ለቤት ዞረው ይመዝግቡ።

ሐ. ሥራውን በስም ይስጥ። «ሁላችንም እንሥራው» የተባለ ሥራ ባለቤት አያገኝም። ቀኑም አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ይሁን፤ በክረምት የተጠራ ደቦ ገበሬውን ከእርሻው ጋር ያጣላዋል።

መ. ሴቶችን በዕቅዱ ያስገባ። እናቶችን ለድግስ ብቻ ጠርቶ ከምክሩ ማራቅ፣ በድንኳኒቱ ሥራ የሴቶች እጅ ምን እንደሠራ መርሳት ነው።

ሠ. የአብነት ተማሪዎችን ያስብ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ ቁራሽ ሲለምን ከትምህርቱ የሚቀንሰው ጊዜ ቀላል አይደለም። አንድ ቤተሰብ በሳምንት አንድ ቀን የአንድ ተማሪ ምግብ ቢችል፣ ሰባት ቤት አንድ መሪጌታ ያፈራል።

ረ. ሒሳቡን በሕዝብ ፊት ያቅርብ። የሰጠው ምን ላይ እንደዋለ ያየ ሰው ሁለተኛ ለመስጠት አይለመንም።

በዚህ ሁሉ ሥርዓት ይጠበቅ። ሐዋርያት ለማዕድ አገልግሎት ሰባት ዲያቆናትን ያስመረጡት፣ እነርሱ በጸሎትና በቃሉ አገልግሎት እንዲተጉ ነው። ምእመን በክህነት ሥራ አይገባም፤ ካህንም ምእመን ሊሠራው የሚችለውን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ከትምህርትና ከጸሎት አይታጎል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ባለፈው ዓመት በጉልበታቸው ያገለገሉትን አሥር ሰዎች በስም መጥራት እንችላለን?
2. ዛሬ ለምእመናን ልናነብላቸው የሚገባ የጉድለት ዝርዝር አለን?
3. ያለ ሥራ የተቀመጠ ሙያ በአጥቢያችን የትኛው ነው? ማንስ ሄዶ ያነጋግረው?
4. በጉባኤያችን የወጣቶችና የእናቶች ድምፅ የሚሰማው መቼ ነው?

ውይይቱ ሲያበቃ ጉባኤው ቢያንስ አንድ ሥራ፣ ከሠሪው ስምና ከቀኑ ጋር በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ይነሣ።

የድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።