ከአምቾው የሚበቅለው፦ ማይክሮ አር ኤን ኤ እና የእንቁልጢ ካንሰር

እንሰት ለማባዛት የፈለገ የሙዱላ ገበሬ ግንዱን ይቆርጥና አምቾውን፣ መሃሉን ቆፍሮ አውጥቶ፣ መሬት ውስጥ ይቀብረዋል። ከጊዜ በኋላ ካንዱ አምቾ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። የካንሰር ግንድ ሴል የሚባለውን ለአገራችን አንባቢ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ስሙ «ግንድ» ይባል እንጂ ሥራው የአምቾ ነው።

እንቁልጢ የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል ነው፣ ኦቫሪ የምንለው። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ወደ 324 ሺህ ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደተያዙ፣ በዚያው ዓመት ወደ 207 ሺህ እንደሞቱ ይገመታል። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ምልክቱ የሆድ መነፋት፣ ትንሽ በልቶ መጥገብ፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት ስለሆነ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የማህፀን ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንቁልጢን አያይም። ሁለቱን አደባልቆ የሚዘግብ ጋዜጠኛ እናቶችን ያዘናጋል።

ከኦፕሬሽን ጋር ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የሚባሉ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። አብዛኞቹ ታካሚዎች መጀመሪያ ይሻላቸዋል፤ በሽታው ተስፋፍቶ ከተገኘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ለምን? ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት መድኃኒቱ በፍጥነት የሚባዙትን ሴሎች ሲገድል ቀስ የሚሉት ጥቂት ግንድ ሴሎች ይተርፋሉ፣ ዕጢውንም እንደገና ያበቅሉታል።

ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። 22 ገደማ ኑክሊዮታይድ፣ ማለትም «ፊደል»፣ ያላት ቁራጭ ናት። ራሷ ፕሮቲን አትሠራም፤ የፕሮቲን ትእዛዝ የያዘውን መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይዛ ዝም ታሰኘዋለች። በእኛ ሙያ አርታኢ በሏት። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን በ1993 እ.ኤ.አ. ከአንዲት 1 ሚሊ ሜትር ከምታህል ትል አግኝተዋት በ2024 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል።

በእንቁልጢ ካንሰር ሌት-7 የምትባለው ስታንስ ኤች ኤም ጂ ኤ 2 የሚባለው ፕሮቲን ይበዛል። የሚር-200 ቤተሰብ ሲቀንስ ደግሞ ዜብ-1 ልጓሙ ይፈታና ሴሎቹ ከጎረቤታቸው ተላቀው መጓዝ ይጀምራሉ። ግን እንዳንቸኩል፤ በሌሎች ጥናቶች ይኸው ሚር-200 በዕጢው ውስጥ በዝቶ ተገኝቷል። ስለዚህ «ጥሩዋ» እና «መጥፎዋ» ብሎ መከፋፈል አያዋጣም፣ «የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» የሚል አርእስትማ ጭራሽ!

ማይክሮ አር ኤን ኤን መሠረት ያደረገ የእንቁልጢ ካንሰር መድኃኒት እስካሁን አልተፈቀደም። ሆዷ ለሳምንታት ተነፍቶ የከረመባት የሙዱላ እናት ዛሬ የሚያስፈልጋት አልትራሳውንድ ነው።