ማሳሰቢያ፦ ሕፃን ላለበት ቤትና ለጠያቂዎቹ

የሰው ሳንባ ፅንሱ በተፀነሰ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ከምግብ ቧንቧው መነሻ ላይ እንደ ቡቃያ ብቅ ይላል። ጉሮሮ ለምግብም ለአየርም የጋራ መተላለፊያ መሆኑ ከዚያ የመጣ ነው። ልጁ ሲወለድም ግንባታው አላለቀም። ትልቅ ሰው 300 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የአየር ከረጢቶች ሲኖሩት፣ አራስ ሕፃን ይዞ የሚመጣው በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩትን ብቻ ነው። አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሠሩት እናንተ ቤት፣ እናንተ በምትተነፍሱት አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ አደራ፦

• ለአራስ ቅቤ አትስጡ። አንጀቱን ያለሰልሳል ይባላል። ቅባት ግን ሳል እንኳ ሳይቀሰቅስ ወደ ሳንባ ሊንሸራተት ይችላል፤ ከገባም ቶሎ አይወጣም፣ ሳንባውን ያስቆጣል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል። አያቶች እንደሚከፋቸው እናውቃለን፤ ይክፋቸው።

• እንጥል አታስቆርጡ። ሕፃን ጉንፋን ሲይዘው እንጥሉ ቢያብጥ የበሽታው ምልክት እንጂ መነሻ አይደለም። እንጥልና ለስላሳው ላንቃ ስንውጥ ወደ ላይ ተነስተው ምግብ በአፍንጫ እንዳይወጣ ይዘጋሉ። ቆራጩ የሚያተርፍላችሁ መድማት፣ ቁስለትና ቴታነስ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት አካል ማጉደልን ይቀጣል።

• ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎና ኦቾሎኒ አታዝግኑ። ቡና ላይ ሰሃኑ ሲዞር ልጁም እጁን መዘርጋቱ አይቀርም፤ አላምጦ መፍጨቱ ግን ገና ነው። ወደ ቀኝ ሳንባ የሚወስደው ቱቦ ከግራው ሰፋ፣ አጠር፣ ቀጥ ያለ ስለሆነ ትን ያለው ፍሬ ብዙውን ጊዜ እዚያ ይሸጎጣል። ልጁ ካሳለ በኋላ ይረጋጋል፤ ቤተሰቡም ይረሳዋል። ከዚያ ወዲያ አልተው ያለ ሳል ወይም ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ካለ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ለሐኪሙም ቆሎ እየበላ ትን ብሎት እንደነበር ንገሩ። ይህን ሳይሰማ የሳንባ ምች ብቻ እያከመ ሊቆይ ይችላል።

• ትን ሲለው ጣታችሁን ጉሮሮው ውስጥ አትስደዱ። በኃይል እያሳለ ከሆነ ተዉት፣ ያስል። ማልቀስም ማሳልም ካቃተውና ከ1 ዓመት በታች ከሆነ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ክንዳችሁ ላይ ድፉትና በትከሻዎቹ መሀል 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ አገላብጣችሁ የደረቱን መሀል በሁለት ጣት 5 ጊዜ ተጫኑ። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ድገሙት፤ ሌላው ሰው ለእርዳታ ይሩጥ።

• ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል አትተኙ። «ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል» ማለት የብዙ ቤት ስህተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ራሱን የሳተን ሰው ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፣ ወደ ሐኪም አድርሱ። ወተት አትጋቱ፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

• እንጀራ ሲጋገር ሕፃኑን አዝላችሁ ጭስ ቤት አትግቡ። ጎረቤት ትያዝላችሁ።

• የሚያስላችሁ ጠያቂዎች፣ ገንፎው ይቆያችሁ።

• አባወራ ሆይ፣ ሲጋራህን በር ላይ ሳይሆን ከግቢው ውጭ አጭስ። በአዋጅ 1112/2011 በሆቴልና በቢሮ ውስጥ የተከለከለው ለልጅህ ቤት አይፈቀድም።

• የሚያስለውን ልጅ ትንፋሽ ቁጠሩ፤ ተረጋግቶ ሳለ፣ ሙሉ 1 ደቂቃ። ከ2 ወር በታች 60፣ እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዕለቱ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ከተሰረጎደ፣ ጡት አልይዝ ካለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን መቁጠሩን ትታችሁ ተነሱ፤ ሌሊትም ቢሆን።