ዛሬ ነገ የሚል ሰው ሠርግ ሲደግስ

«ኢንሻአላህ» የሚለው ቃል በከተማችን ሁለት ትርጉም ይዞ መኖር ከጀመረ ሰንብቷል። አንደኛው በቁርኣን የታዘዝነው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አላደርገውም፤ ግን እምቢ ማለት አፈርኩ» እንደ ማለት ነው። በሱረቱል ከህፍ (18፥23-24) የአላህን ፈቃድ ሳይጠቅሱ «ነገ ይህን እሠራለሁ» ማለት ተከልክሏል። ልብ እንበል፤ አንቀጹ የሚናገረው ሊሠራ ስለቆረጠ ሰው ነው። ላለመሥራት ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከዚህ አንቀጽ የሚያገኘው ነገር የለም።

ይህ ልማድ ጎልቶ የሚታየው በሠርግ ዝግጅት ላይ ነው። ዛሬ ነገ የሚለው ሙሽራ ሰነፍ ነው ብለን ብንደመድም ግን እንሳሳታለን። ሱፉን መርጧል፣ ቪዲዮ አንሺውን አነጋግሯል፣ የመጥሪያ ወረቀቱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አስለውጧል። ያልሠራው ሰው ፊት ተቀምጦ መነጋገርን የሚጠይቀውን ጉዳይ ብቻ ነው። ስለ መህር ከሙሽሪት ጋር አልተነጋገረም። ለእናቱ «አራት መቶ ሰው ለመጥራት አቅም የለንም» አላላቸውም። የሙሽሪት አባት አገር ቤት ናቸው፤ መምጣት ካልቻሉ ማንን እንደሚወክሉ የጠየቃቸው የለም። ዕቃ መግዛት ስለማያሳፍር ቶሎ ይገዛል፤ ንግግሩ ስለሚከብድ ይቆያል።

ለመሆኑ ኒካህ የሚቆመው በምንድን ነው? በሁለቱ ፈቃድ፣ በወሊይ፣ በሁለት ምስክሮች፣ በኢጃብና ቀቡል ነው፤ መህርም አብሮት አለ። ሱፍም ቪዲዮም በዚህ ውስጥ የሉበትም። በሻፊዒ መዝሀብ ያለ ወሊይ የሚታሰር ኒካህ ትክክል አይደለም፤ በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ አቅሏ የተሟላ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ራሷን ልትድር ትችላለች። በአገራችን የሁለቱም መዝሀብ ተከታዮች ስላሉ፣ ሁለት ቤተሰቦች በዚህ ላይ የተለያየ ነገር ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። ጉዳዩ ሸኽ ዘንድ መቅረብ ያለበት ከወራት በፊት ነው። ሙሽሪት ቀደም ሲል አግብታ የፈታች ከሆነችም ዒዳዋ መጠናቀቁ አስቀድሞ ይጣራል እንጂ ድንኳን ከተተከለ በኋላ አይጠየቅም።

መህርን ለብቻው ላንሳው፤ የመዘግየት ዋጋ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። ሱረቱ ኒሳእ (4፥4) ለሴቶች መህራቸው በደስታ እንዲሰጣቸው ያዛል። ገንዘቡ የእሷ እንጂ የአባቷ አይደለም። ሳይነጋገሩበት የኒካሁ ቀን ሲደርስ ምን ይሆናል? ሸኹ «መህሩ ስንት ነው?» ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ይተያያሉ፤ አንድ አጎት ለቤተሰቡ ክብር ሲል ትልቅ ቁጥር ይጠራል። ሙሽራው በሰው ፊት መከራከር ያፍርና «ቀሪው በኋላ» ብሎ ይገላገላል። ያቺ «በኋላ» ግን በሸሪዓ ዕዳ ናት፤ ባልየው ቢሞት እንኳ ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ከንብረቱ ትከፈላለች። ሁለቱ ቀደም ብለው አንድ ምሽት ቢነጋገሩ ኖሮ አቅምን ያገናዘበ ነገር በተገኘ ነበር። ዓሊይ (ረ.ዐ.) ፋጢማን (ረ.ዐ.) ሲያገቡ የሰጡት መህር የጦር ጥሩራቸውን ነው።

ድግሱንም ቢሆን ያከበድነው እኛው ነን። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከኸይበር ሲመለሱ ሶፊያን (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ የቆዳ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ሁሉ ያለውን አመጣ፤ ተምር፣ ቅቤና የደረቀ እርጎ ተደባልቆ ወሊማ ሆነ። የተጋባዡን ቁጥር መቀነስ የሚያሳፍረው ሙሽራ ይህን ለእናቱ ቢያነብላቸው መልካም ነው። (እናቶች በዚህ በቀላሉ እንደማይረቱ አውቃለሁ።)

ታዲያ ዳተኛው ምን ያድርግ? ለራሱ የሰጠውን ቀጠሮ የሚያፈርስ ሰው ለሽማግሌ የሰጠውን ግን ይጠብቃል። ስለዚህ ቀጠሮውን ሁሉ ከሰው ጋር ያድርገው። ኒካሁን ለሚያስሩት ሸኽ ቀኑን ይንገር። ለአራጁና ለወጥ ሠሪዋ ቀብድ ይስጥ፤ ገንዘብ የወጣበት ነገር አይረሳም። አንድ ደብተር ይግዛና ከሠርጉ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ ይጻፍ፤ ደብተሩን ግን እሱ አይያዘው። ሒሳብ ለሚያውቅና ለመቆጣት ለማያፍር ወንድም ወይም እህት በአማና ይስጥ። እኔ ከሚዜ ምርጫ ይልቅ ለዚህ ሰው ምርጫ እጨነቃለሁ።

ቀን ሲመረጥ «ከረመዳን በፊት እናድርሰው» የሚለው አነጋገር ብዙዎችን አጣድፏል። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን ከአምናው ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ሻዕባን ላይ ደግሞ ሁሉም ደጋሽ ነው። ሸዋልን መጠበቅ ምን ነውር አለው? ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የተዳሩት በሸዋል ነበር፤ ወሩን ለጋብቻ መጥፎ ገድ አድርጎ ማየት የጃሂሊያ እምነት ነው። የእድር ድንኳን፣ ወንበርና ሳህን ለመበደር ያሰበም ቀድሞ ያስመዝግብ። በዚያ ቀን ለቅሶ ከደረሰ ድንኳኑ ወደ ሐዘን ቤት ሊሄድ እንደሚችል አውቆ ሌላ መላ ይያዝ።

በመጨረሻ ሁሌም የሚዘለል አንድ ጉዳይ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል፤ ዝቅተኛውን ዕድሜም ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጓል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ደግሞ ጋብቻ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። «ከሠርጉ በኋላ እንደርስበታለን» ተብሎ ይተዋል፤ ከዚያ የምስክሮቹ አንዱ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፣ ሌላው ይታመማል፤ ሚስት የውርስ ወይም የቤት ጉዳይ ሲገጥማት ጋብቻዋን ለማስረዳት ትንከራተታለች። የምዝገባው ቀን ከወሊማው ቀጥሎ ባለው ሳምንት በደብተሩ ይጻፍ፤ ምስክሮቹም ገና ከሠርጉ ቤት ሳይወጡ ቀጠሯቸው ይነገራቸው።